ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፦ የሀገሪቱን መጻሕፍት የቆጠሩ ሊቅ

አንድ ሰው ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲገባ አስቀድሞ የሚያገኘው መጽሐፉን ሳይሆን የመጻሕፍቱን ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ የትኛው መጽሐፍ እንዳለ፣ ማን እንደ ጻፈውና በየትኛው ቋንቋ እንደ ተጻፈ ይነግረዋል። ዝርዝር ከሌለ መጻሕፍት የሚታወቁት በጠባቂያቸው ብቻ ነው፤ ጠባቂው ሲያልፍም የት እንዳሉ የሚያውቅ ይጠፋል። በአዲስ አበባ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከመከፈቱ ከሠላሳ ዓመታት በፊት ይህን ጉድለት አይተው በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት በዝርዝር አሳትመው ለአንባቢ ያቀረቡት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በብዙዎች ዘንድ የሚታወቁት በደራሲነታቸውና በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸው ነው። ይህ ጽሑፍ የሕይወታቸውን ታሪክ በአጭሩ ሲያቀርብ በተለይ ከመጻሕፍት አሰባሰብና አጠባበቅ ጋር የተያያዘውን ሥራቸውን ያስታውሳል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ልዩ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር፣ በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1870 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። እንደ ዘመኑ ሥርዓት የመጀመሪያ ትምህርታቸውን ያገኙት በቤተ ክርስቲያን ነው። ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ግዕዝን ተምረው ካደጉ በኋላ ወደ እንጦጦ መጥተው በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ትምህርታቸውን ቀጠሉ፤ በዚያም በጽሕፈት ሥራ አገለገሉ።

እንጦጦ ራጉኤል ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ብዙ የብራና መጻሕፍት ይገኙበት ነበር። በእንዲህ ያለ ስፍራ በጽሕፈት ያገለገለ ወጣት የመጽሐፍን ዋጋ የሚያውቀው በመስማት ሳይሆን በእጁ ነው። አንድ የብራና መጽሐፍ እስኪጠናቀቅ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ይፋቃል፣ ይለሰልሳል፣ ይሠመራል፤ ጥቁሩና ቀዩ ቀለም ይበጠበጣል፤ ጸሐፊው በመቃ ብዕር ፊደሉን አንድ በአንድ ያኖራል። ሥራው ብዙ ወራትን፣ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ ይወስዳል። የተጻፈው ከተጠረዘ በኋላ በቆዳ ማኅደር ገብቶ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል ወይም በዕቃ ቤት ይቀመጣል።

እንዲህ በድካም የተገኘ መጽሐፍ በጥብቅ መጠበቁ ተገቢ ነበር። በብዙ የብራና መጻሕፍት መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ መጽሐፉን የሰረቀ ወይም የፋቀ የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት ተጽፎ ይገኛል። ይህ ጥበቃ መጻሕፍቱን ለዘመናት አቆይቷል። ነገር ግን መጽሐፉ በአንድ ደብር ዕቃ ቤት መኖሩን የሚያውቁት የደብሩ አገልጋዮች ብቻ ስለ ነበሩ በሌላ አውራጃ ያለ ሊቅ የሚፈልገው መጽሐፍ የት እንደሚገኝ ለማወቅ ከሰው ወደ ሰው እየጠየቀ መጓዝ ነበረበት።

ከሀገር የወጡት ሲቆጠሩ በሀገር ያሉት አልተቆጠሩም ነበር

የኢትዮጵያ መጻሕፍት ዝርዝር መጀመሪያ የታተመው በውጭ ሀገር ነው። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ ከኢትዮጵያ ሰብስቦ የወሰዳቸውን የብራና መጻሕፍት ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1859 በፓሪስ አሳተመ። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ በመጽሐፍ ወዳድነታቸው ካከማቹት ስብስብ ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍትን ለብሪቲሽ ሙዚየም ወሰደ። ዊልያም ራይት የተባለ ምሁር በዚያው ሙዚየም የሚገኙትን የግዕዝ መጻሕፍት ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1877 አሳተመ። ይህ የሆነው ኅሩይ ከመወለዳቸው ከአንድ ዓመት በፊት ነው።

ስለዚህ ኅሩይ ለአቅመ ሥራ በደረሱበት ጊዜ በለንደንና በፓሪስ የሚኖር ሰው ከኢትዮጵያ የተወሰዱትን መጻሕፍት በየተራ ቁጥራቸው ጠርቶ ለማንበብ ይችል ነበር። በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው ግን በሀገሩ የትኞቹ መጻሕፍት እንደሚገኙ የሚያሳየው የታተመ ዝርዝር አልነበረውም። ከተማዋም ገና ወጣት ነበረች። የማተሚያ መሣሪያ ከገባ ብዙ ጊዜ አልሆነውም፤ በ1895 ዓ.ም. ግድም የተጀመረው አእምሮ ጋዜጣ መጀመሪያ ላይ በእጅ እየተገለበጠ በ24 ቅጂ ብቻ ይሠራጭ ነበር። በዘመናዊ መንገድ የተደራጀው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተውም በ1900 ዓ.ም. ነው። ማንበብ የሚችል ሰው ቁጥር እያደገ ቢሄድም መጽሐፍ የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናት፣ በቤተ መንግሥትና በጥቂት ሰዎች ቤት ነበር።

የ1904 እና የ1920 ዓ.ም. የመጻሕፍት ዝርዝሮች

በ1903 ዓ.ም. ኅሩይ በደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ከተመራው የመልእክት ጓድ ጋር ወደ እንግሊዝ ሀገር ተጓዙ። ጉዞው በንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል ላይ ኢትዮጵያን ለመወከል የተደረገ ነበር። ከዚህ ጉዞ በኋላ፣ በ1904 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ በግዕዝና በአማርኛ ቋንቋ ተጽፈው የሚገኙትን መጻሕፍት ዝርዝር አዘጋጅተው አወጡ። ዝርዝሩ በጽሑፍ ሥራቸው መጀመሪያ ላይ ከሚቆጠሩት አንዱ ነው።

እንዲህ ያለ ዝርዝር ማዘጋጀት ቀላል ሥራ አይደለም። አንድ መጽሐፍ በተለያዩ ደብሮች በተለያየ ስም ሊጠራ ይችላል፤ በአንድ ማኅደር ውስጥም ሁለትና ሦስት ድርሰቶች በአንድነት ተጠርዘው ይገኛሉ። የብራና መጽሐፍ የደራሲውን ስም ሳይገልጥ የጸሐፊውን ወይም ያጻፈውን ሰው ስም ብቻ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ዝርዝሩን የሚያዘጋጅ ሰው መጻሕፍቱን የሚያውቅና ግዕዙን የሚያነብ መሆን ነበረበት። ኅሩይ በቤተ ክርስቲያን ትምህርትና በጽሕፈት ሥራ ያገኙት ዕውቀት ለዚህ አዘጋጅቷቸዋል።

በ1920 ዓ.ም. ይህንኑ ሥራ አስፋፍተው እንደገና አሳተሙት። በሁለቱ እትሞች መካከል ባለፉት 16 ዓመታት ብዙ ነገር ተለውጦ ነበር። በ1914 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን አቋቋሙ፤ በ1917 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ በዚያው ዓመት የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ለረጅም ዘመን የጽሑፍ ቋንቋ ሆኖ የኖረው ግዕዝ ቢሆንም አሁን በአማርኛ የሚታተሙ መጻሕፍት በየጊዜው እየጨመሩ ሄዱ። የ1920 ዓ.ም. ዝርዝር ከብራናው ዘመን ወደ ማተሚያው ዘመን የተደረገውን ሽግግር የሚያሳይ ሰነድ በመሆኑ የኢትዮጵያን ሥነ ጽሑፍ ታሪክ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል።

በመንግሥት ሥራ

የኅሩይ የመንግሥት አገልግሎት ከጽሑፍ ሥራቸው ጋር ጎን ለጎን የሄደ ነው። በ1909 ዓ.ም. ከተደረገው የመንግሥት ለውጥ በኋላ የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት በኃላፊነት መርተዋል። በኋላም በኢትዮጵያውያንና በውጭ ሀገር ዜጎች መካከል የሚነሣውን ክርክር የሚዳኘውን ልዩ ፍርድ ቤት መርተዋል። በ1911 ዓ.ም. በደጃዝማች ናደው ከተመራው የመልእክት ጓድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደው በዋይት ሐውስ ከፕሬዚዳንት ውድሮ ዊልሰን ጋር ተገናኝተዋል። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ በአውሮፓ ባደረጉት ረጅም ጉብኝትም አብረው ነበሩ፤ የጉዞውንም ሁኔታ በመጽሐፍ አሳትመዋል።

ከ1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በ1924 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ልዑካን መርተው ወደ ጃፓን ተጓዙ። ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለ መጽሐፋቸው ለወገኖቻቸው አቀረቡ፤ መጽሐፉ ጥቂት ቆይቶ በጃፓን ቋንቋ ተተርጉሟል። በሥራ ምክንያት ወደ ውጭ የተላከ ሰው ያየውን ለንጉሡ ብቻ ሳይሆን ለአንባቢም ማስረዳት እንዳለበት በተግባር ካሳዩት ባለ ሥልጣናት መካከል ኅሩይ ግንባር ቀደም ነበሩ።

የራሳቸው መጻሕፍት

ኅሩይ የሌሎችን መጻሕፍት ከመቁጠር አልፈው ለዝርዝሩ የሚጨመሩ ብዙ መጻሕፍትን ጽፈዋል። በ1910 ዓ.ም. «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» ታተመ። በ1915 ዓ.ም. «ወዳጄ ልቤ» የተባለውን በምሳሌ የተዋቀረ ልብ ወለድና «የሕይወት ታሪክ» የተባለውን መጽሐፍ አወጡ። ሁለተኛው በአንድ መልኩ ከመጻሕፍት ዝርዝራቸው ጋር የሚመሳሰል ነው፤ በኢትዮጵያ ታሪክ ስማቸው የሚነሣ ሰዎችን አንድ በአንድ እየመዘገበ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ እንዲሆን የተዘጋጀ ነው። መጽሐፍ ሳይመዘገብ ሲቀር እንደሚጠፋ ሁሉ ሰውም ሳይመዘገብ ሲቀር እንደሚረሳ የተረዱ ይመስላል።

በ1921 ዓ.ም. «ዋዜማ» ታተመ። በ1923 ዓ.ም. ያለ ዕድሜ የሚፈጸም ጋብቻን ጉዳት የሚያሳይ «የልብ አሳብ» የተባለ ልብ ወለድ ተከተለ። በ1925 ዓ.ም. ደግሞ «አዲስ ዓለም» ወጣ። በዚህ መጽሐፍ አወቀ የተባለ ወጣት በአውሮፓ ተምሮ ወደ ሀገሩ ሲመለስ ስለ ተዝካርና ስለ ሌሎች ልማዶች ከዘመዶቹና ከካህናት ጋር ይከራከራል። ኅሩይ በቤተ ክርስቲያን ያደጉ ሰው በመሆናቸው የሚያርሙት ልማድ ከውስጥ የሚያውቁት ነበር፤ ለውጡም ሀገርን ሳይበትን በምክርና በትምህርት እንዲመጣ ይሹ ነበር። ከመጻሕፍታቸው አንዳንዶቹ የታተሙት በአዲስ አበባ በጎሐ ጽባሕ ማተሚያ ቤት ነው።

ጦርነት፣ ስደትና ዕረፍት

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ይህን ሁሉ አቋረጠ። ኅሩይ ለብዙ ጊዜ የደከሙበት የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ በዚያ ዘመን ማተሚያ ቤት ገብቶ ነበር፤ ይሁንና ኅትመቱ ሳይፈጸም ጦርነቱ ደረሰ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጂቡቲ ሲወጡ ኅሩይም ለስደት ተነሡ። ንጉሠ ነገሥቱ ከወጡ በኋላ፣ የጠላት ጦር እስከ ገባበት እስከ ሚያዝያ 27 ቀን ድረስ፣ ከተማዋ ተዘረፈች፤ ብዙ ቤቶችም ተቃጠሉ። በዕቃ ቤትና በግለሰቦች እጅ የነበረ መጽሐፍ በእንዲህ ያለ ቀን የሚጠብቀው አልነበረም።

የወረራው ጉዳት በንብረት ብቻ አልተወሰነም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ወራሪው የተማሩ ኢትዮጵያውያንን እየለየ ፈጀ። በእንግሊዝ ሀገር ተምረው የተመለሱትና ከጥቁር አንበሳ አርበኞች አንዱ የነበሩት የኅሩይ ልጅ ፈቃደ ሥላሴ ኅሩይም ከተገደሉት መካከል ናቸው። ለአባትየው ይህ የልጅ ሞት ብቻ ሳይሆን ዕድሜያቸውን በሙሉ የደከሙለት፣ በሁለት ዓለም ትምህርት የበለጸገ ትውልድ ሞት ነበር።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ የመጨረሻ ጊዜያቸውን ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በእንግሊዝ ሀገር በባዝ ከተማ፣ በፌርፊልድ ቤት አሳለፉ። ሀገራቸው ነጻ ስትወጣ ሳያዩ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በተወለዱ በ60 ዓመታቸው ዐረፉ፤ በዚያውም ተቀበሩ። ከነጻነት በኋላ አፅማቸው ወደ ሀገሩ ተመልሷል።

ከዝርዝር ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት

ኢትዮጵያ ነጻነቷን በ1933 ዓ.ም. ከመለሰች በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ተቋቋመ። ኅሩይ ካረፉ ገና አምስት ዓመት ግድም ሆኖ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የመንግሥት የሆነ፣ መጻሕፍትንና የታሪክ ሰነዶችን በአንድነት የሚሰበስብና ለሕዝብ ክፍት የሆነ ተቋም በከተማዋ ተገኘ። ስሙ ራሱ ሁለት ተግባራትን ያጣመረ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት የንባብ ቤት ሲሆን መዘክር ደግሞ የመታሰቢያ ስፍራ ነው። ሁለቱም ኅሩይ በመጻሕፍት ዝርዝራቸውና በ«የሕይወት ታሪክ» ለየብቻ የጀመሯቸው ሥራዎች ናቸው።

ከዚያ ወዲህ በከተማዋ ሌሎች አብያተ መጻሕፍት ተከትለዋል። በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የከፍተኛ ትምህርት ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ደግሞ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉ መጻሕፍትንና የብራና ጽሑፎችን ሰብስቦ ይዟል። በ2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተመርቆ ለንባብ ክፍት ሆኗል።

ወመዘክርም በአዋጅ ቁጥር 179/1991 እንደገና ተደራጅቶ ሥራውን ቀጥሏል፤ ዛሬ የሚጠራው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት በሚል ስም ነው። በእጁ ከሚገኙት ቅርሶች መካከል የብራና መጻሕፍትና የነገሥታት ደብዳቤዎች እ.ኤ.አ. በ1997 በዩኔስኮ የዓለም መዘክር መዝገብ ተመዝግበዋል። በሀገር ውስጥ የሚታተሙ ጽሑፎች ቅጂ ወደ ተቋሙ ገቢ እንዲሆን መደረጉና ለአዳዲስ መጻሕፍት ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር መሰጠቱ ዛሬ መጽሐፍ ለማሳተም የተነሣ ዜጋ ሁሉ የሚያውቀው አሠራር ነው። ቅጂውን የሚያስረክበው ደራሲ ሥራው ሸክም ወይም ተራ ሥርዓት ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ያ አንድ ቅጂ ማተሚያ ቤቱ ቢዘጋ፣ የግል ቤቱ ቢቃጠል፣ ወይም ደራሲው በባዕድ ሀገር ቢያርፍ እንኳ መጽሐፉ ለተተኪው ትውልድ እንዲገኝ ያደርጋል።

የብላቴን ጌታ ኅሩይ የራሳቸው ሕይወት ለዚህ ምስክር ነው። ሥልጣናቸው በስደት አበቃ፤ ልጃቸው በጠላት እጅ ወደቀ፤ በማተሚያ ቤት የነበረው የታሪክ መጽሐፋቸውም ሳይጠናቀቅ ቀረ። በዝርዝር ገብተው በቤተ መጻሕፍት የተቀመጡት መጻሕፍታቸው ግን ዛሬም ይነበባሉ፤ የ1920 ዓ.ም. ዝርዝራቸውም በዚያን ጊዜ ምን ይጻፍና ምን ይነበብ እንደ ነበር ለሚጠይቅ ሁሉ መልስ መስጠቱን ቀጥሏል።